ሀጂራ ከመተኛቷ በፊት ሰረዟ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ

ለክቡር አቶ ዘርዓብሩክ
በአራዳ ለሚገኝ አንድ የሕክምና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በኮምፒውተር መስኮት ጥግ ላይ ስላሉ ሦስት ጥቃቅን ምልክቶችና ስለ አንዲት ሴት ነፍስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በሥርዎ ያሉትን ሁሉ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ደኅንነት ላይ ሳሉ እንዲደርስዎ እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንዲያምኑልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም እርስዎም አንድ ቀን ቢያምዎ በራስዎ ካርድ ክፍል በኩል ማለፍዎ አይቀርም፣ ይህን ደግሞ ለማንም የምመኘው ነገር አይደለም።

የማዕከሉን ስም እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ፈርቼ አይመስልዎ። ወረፋው አሁንም ቢሆን ከበሩ ወጥቶ አስፋልት ስለሚነካ፣ ስሙን ያነበበ ሁሉ መጥቶ እንዳይጨመርብዎ አስቤልዎ ነው።

እኔን ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ አባቴ ከወሎ መጥተው የከፈቷት የመጋረጃ ስፌት ቤት አለች፤ ዛሬ የምሠራባት እኔ አብዱልሃኪም ነኝ። የቢሮዎን መጋረጃ የሰፋሁልዎም እኔ ነኝ። ሰቅዬ ጨርሼ መሰላሉን ሳጣጥፍ፣ መሳቢያው ገመድ በቀኝ በኩል መሆኑ ደስ አላለዎትም፤ ዓይንዎን ጨፍነው አየሩን በእጅዎ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና እጅዎ የሚሄደው ወደ ግራ መሆኑን ነገሩኝ። እኔም ሳላጉረመርም አፍርሼ በግራ አደረግሁልዎ፤ የራስዎ መስኮት ነው፣ የራስዎም እጅ ነው፣ ሰው በገዛ መስኮቱ ላይ እጁ በለመደው በኩል ቢስብ ምን ነውር አለው። ለእርስዎ እጅ የተጨነቅሁትን ያህል እርስዎም ለሌላ ሰው እጅ ይጨነቃሉ ብዬ ማሰቤ ግን የዋህነት ኖሯል።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ስለሚያነበው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ እርስዎ የሚያውቁትን ስደግም ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

የማዕከሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። በሌላው ዓለም ኮምፒውተር ላይ እንደሚታየው ሁሉ፣ አንድ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ከላይ ጥጉ ላይ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ መስኮቱን ሳትዘጋ ዝቅ አድርጋ የምትሸፍነው ሰረዝ፣ የምታሰፋው ካሬ፣ ጨርሳ የምትዘጋው ኤክስ። የሊኑክስ ደግነቱ እነዚህ ሦስቱ የት ይቀመጡ የሚለውን ለባለቤቱ መተዉ ነው ይባላል፤ ሲፈልግ በግራ፣ ሲፈልግ በቀኝ፣ ሲፈልግ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ። ኮምፒውተሮቹን የተከለው ተስፋሁን የሚባለው የአይቲ ባለሙያ እንደነገረኝ ሥራው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በመሐል ሁለት ነጥብ አለች፣ ከእሷ በፊት የተጻፈ በግራ ይቀመጣል፣ ከእሷ በኋላ የተጻፈ በቀኝ። ተስፋሁን ማሽኖቹን ሲተክል እያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ እጅህ ወዴት ይሄዳል፣ እጅሽ ወዴት ይሄዳል እያለ ጠይቆ ነው ያስተካከለው። ትልቅ ጥፋቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በካርድ ክፍሉ ባንኮኒ የምትቀመጠው ሸፊቃ ናት። የባንኮኒውን ጠባይ ያውቁታል፤ እርስዎ በጓሮ በር ስለሚገቡ ባያውቁት ግን ልንገርዎ። የሰፈራችን ሰው ተራው ሲደርስ ብቻውን አይቀርብም። ከኋላው ያለውም አብሮት ይጠጋል፣ ክርኑን ባንኮኒው ላይ ያሳርፋል፣ ስለ ቤተሰብ ይጠያየቃል፣ በዚያው ዓይኑን ወደ ስክሪኑ ይልካል። ስክሪኑ ደግሞ ታማሚው የራሱን ነገር አይቶ እንዲያረጋግጥ ወደ ባንኮኒው ዞር ብሎ ነው የተቀመጠው። እዚህ አገር ሰው በሽታውን ከወንድሙ እንኳ እንደሚደብቅ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ስለዚህ ሸፊቃ አንድ ወግ አላት፤ ሌላ ሰው ጠጋ ባለ ቁጥር የያዘችውን ሰው መዝገብ ቶሎ ዝቅ አድርጋ ትሸፍናለች። ስትሸፍንም ስክሪኑን አታይም። ስክሪኑን ካየች የመጣው ሰው የተሰወረበት ነገር መኖሩን ያውቅና ይቀየማል፤ ስለዚህ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ፣ ከነፈገግታዋ ሰላም እያለች፣ እጇ ብቻውን ሄዶ ይሸፍናል። ተሸፋኙም አያፍርም፣ መጪውም አይከፋም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ስሆን እንደዚህ ያለ መጋረጃ ሰፍቼ አላውቅም።

ለዚህ ሥራዋ እንዲመቻት ብላ ተስፋሁንን የለመነችው ሰረዟን ብቻዋን በግራ ጥግ እንዲያስቀምጥላትና፣ ኤክሷን በስሕተት እንዳትነካት ወዲያ ማዶ ቀኝ ጥግ እንዲያርቅላት ነበር። አደረገላት። እጇም ለመደ። ግራ ጥግ ማለት ለእሷ መሸፈን ማለት ሆነ።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ ለውበት ስላለዎት ስሜት አመሰግንዎታለሁ። አዲስ ላፕቶፕ እንደገዙና በእሱ ላይ ሦስቱም ምልክቶች በግራ፣ ያውም ኤክሷ ፊት ለፊት ጥጉን ይዛ እንደተደረደሩ ሰምቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት። አንድ ቀን በካርድ ክፍሉ ሲያልፉ የሸፊቃን ስክሪን አይተው፣ አንዱ ምልክት እዚህ ሌላው እዚያ መበተኑ ሥርዓት የለሽ መስሎ ስለታየዎ የማዕከሉ ማሽን ሁሉ እንደ እርስዎ ላፕቶፕ እንዲሆን አዘዙ። በማግስቱ ሰረዟ ከነበረችበት ጥግ ላይ ኤክሷ ተቀምጣ ተገኘች። የምትሸፍነው ከነበረችበት የምትዘጋው ገባች ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ግን በጣም ያምራል፤ ሦስቱም ተሰልፈዋል።

ሁለተኛ፣ ለጊዜያችን ስለሚቆረቆሩ አመሰግናለሁ። ቀድሞ አንድ መዝገብ ሳይቀመጥ ሊዘጋ ሲል ኮምፒውተሩ የጻፍሽው አልተቀመጠም፣ በእርግጥ ልዝጋው ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይህ ጥያቄ ወረፋ ያስረዝማል ብለው ያስወገዱት ከምልክቶቹ ጥቂት ቀደም ብለው ነው። ማሽኑ እንኳ ለአንድ አፍታ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ የሚያመነታውን ነገር እርስዎ ሳያመነቱ ዝም አሰኙት። ወረፋው እንዳልኩት አሁንም አስፋልት ላይ ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ አጻጻፌ ቢበላሽ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ባለቤቴ ሀጂራ ልጃገረድ ሳለች ደሴ ላይ አንድ መርፌ ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ እናቷ ልትሞት ነው ብለው ሸሃዳ እስኪያስይዟት ድረስ ደርሳ ነበር። አላህ ሲያተርፋት ሐኪሙ መርፌው ፔኒሲሊን እንደሚባልና ሁለተኛ ሰውነቷ ውስጥ ቢገባ እንደማትተርፍ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ የትም ሕክምና ቤት ስትሄድ ከስሟ ቀጥላ የምትናገረው ይህንን ነው። ጉሮሮዋን አሟት ወደ እናንተ ዘንድ በሄድን ዕለትም ለሸፊቃ ነገረቻት፤ ሸፊቃም ስሟን ጽፋ ካስቀመጠች በኋላ፣ የማይስማማት መድኃኒት በሚለው ቦታ ላይ ፔኒሲሊን ብላ ስትጽፍ እኔም ሀጂራም አይተናል። ያን ጊዜ የጎረቤታችን ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላችን ጠጋ አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሰፈሩ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው፤ የሰው ጓዳ ካላወቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ ማን ምን እንደ ገዛ፣ ማን ለምን እንደ ታመመ ከእሳቸው የሚሰወር ነገር የለም። ሸፊቃም ደንገጥ አለች፣ ፊቷን ወደ እሳቸው አዙራ እንደምን ዋሉ አለች፣ እጇም የለመደውን አደረገ፤ ወደ ግራ ጥግ ሄዶ ነካ።

መስኮቱ ከስክሪኑ ላይ ተነሣ። ሲሸፈንም ሲዘጋም ለዓይን የሚታየው ያው ነው። ሸፊቃ ሸፈንኩት ብላ አመነች፣ እኛም ተመስገን ብለን ወደ ሐኪሙ ገባን።

መዝገቡ ከነአካቴው ባዶ ሆኖ ቢቀር ይሻል ነበር፤ ባዶ ነገር ሐኪምን ያስጠረጥራል። የማዕከሉ ፕሮግራም ግን ባዶ ቦታ አይወድም። የማይስማማት መድኃኒት በሚለው ፊት ለፊት ምንም ተጽፎ ካልተገኘ ራሱ «የለም» ብሎ ይሞላል። ሐኪሙ ስክሪኑን አየ፣ የለም ይላል። የሚጠይቀው ነገር አልነበረምና አልጠየቀም። መርፌ ክፍል ያለችው ነርስም አየች፣ የለም ይላል። ሀጂራ አስመዝግባለችና ልቧን ጥላ እጅጌዋን ሰበሰበች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የነርሷ ጣት ስሪንጁን መታ መታ እያደረገ አየሩን ሲያስወጣ እያየሁ፣ ክቡርነትዎ የግድግዳውን ቀለም በደንብ እንዳስመረጡ አስብ ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ የዚያን ጊዜ ተራቸውን ትተው ሊያጽናኑን መጡ፤ ማለትም ምን እንደምንወጋ ሊያዩ መጡ። እንደ ልማዳቸው ነርሷን የመርፌው ስም ማን ይባላል ብለው ጠየቋት፣ ነርሷም በትሕትና ነገረቻቸው። እሳቸውም በሩ ላይ ገፋ አድርገውኝ ገቡና የነርሷን ክንድ ያዙ።

«እንዴ ሲስተር፣ ለእሷ እኮ አይሆንም። አሁን ካርድ ክፍል ሲጻፍላት በዓይኔ አንብቤያለሁ።»

ክቡር አቶ ዘርዓብሩክ፣ ሸፊቃ ልትሰውርባቸው የሞከረችውን ነገር ወይዘሮ ደብሪቱ ከመጥፋቱ በፊት አንብበውት ኖሯል። ማዕከሉ ባለው ኮምፒውተር ሁሉ ውስጥ የሌለው አንድ መስመር የቀረው በሰፈራችን ወሬኛ ራስ ውስጥ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ዛሬ የምትተነፍሰው እሳቸው ነውረኛ ስለሆኑ ነው። ነርሷ ስሪንጁን አስቀመጠች፤ ከዚያ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ስክሪኑን ስታይ ቆየች፣ እሱም የለም እንዳለ ነበር።

እንግዲህ በሦስተኛው ላይ የማመሰግነው ወይዘሮ ደብሪቱን እንጂ እርስዎን ባለመሆኑ ቅር እንዳይልዎ።

አራተኛ፣ ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። በማግስቱ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ነገረችኝ፣ እኔም የሰፋሁት መጋረጃ ሲሳብ እያየሁ ስብሰባው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ሲያስገቡኝም በትዕግሥት ሰምተውኛል። ስጨርስ ስለ ሀጂራ ጤና ጠየቁኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ፣ ምልክቶቹ ግን የትም እንደማይሄዱ በፈገግታ ነገሩኝ።

«ምንም አይደለም፤ እጅ ይለምዳል።»

ይህችን ቃል ይዤ ቁልቁል ስወርድ ሳሰላስላት ዋልኩ። እውነትዎን ነው፣ እጅ ይለምዳል። ጥያቄዬ እስኪለምድ ድረስ የሚለማመደው በማን ላይ ነው የሚል ነበር፣ ግን በሩ ተዘግቶ ነበርና ሳልጠይቅዎ ቀረሁ። በሙያዬ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቻለሁ፤ መጋረጃ ሲሳብ ከጀርባው ያለው ሰው አብሮ ቢጠፋ ግድ የለኝም ያለኝ ግን እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም።

አምስተኛ የምለው የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ሆኖም እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ሸፊቃን ከሥራ ስትወጣ አግኝቼ አነጋግሬያት ነበር። ስለ ሀጂራ ይቅርታ ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተችና አቆመች፤ ከዚያ ምልክቶቹ ከተቀየሩ ወዲህ ስንት ሰው ሸፍኛለሁ ብላ እንዳመነች ልትቆጥር ሞከረች። አልሆነላትም። አንድ ስኳር ያለባቸው አዛውንት ትዝ አሏት፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ትዝ አለቻት፣ ከአትክልት ተራ የመጣ አንድ ተሸካሚ ስለ ልቡ ድካም ሲያስጽፍ ሌላ ተሸካሚ ጓደኛው ደርሶ እንደሸፈነችለት ትዝ አላት። የቀሩትን አታስታውሳቸውም፤ የሰው ገመና ላለመያዝ ስትል ለመርሳት የለመደች ናት። ሁሉም ዛሬ በዚሁ በአራዳ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ደኅና ነን ብለው ያምናሉ፣ አስመዝግበናል ብለው ያምናሉ፣ ካርዳቸው ላይ ግን የለም ይላል። በፒያሳ ስሄድ አንድ ሰው ከፊቴ ሲያልፍ ይኸኛው ይሆን እያልኩ ማየት ጀምሬያለሁ። ያለ እርስዎ ይህን ያህል ለማላውቀው ሰው ማሰብን ባልተማርኩ ነበርና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ስድስተኛ፣ ስለ ቆራጥነትዎ። ተስፋሁን ነገሩን እንደሰማ ያችን አንዷን መስመር መልሶ ጽፎ የሸፊቃን ሰረዝ ወደ ቦታዋ አመጣላት። ማታ ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው ጠዋት ሲበሩ ኤክሷ እንደገና ጥጉን ይዛ ተነሣች። ደግሞ መለሳት፤ ጠዋት ደግሞ ተነሣች። ለካስ እርስዎ ሌላ ባለሙያ አስመጥተው ቅንብሩን ከላይ አስቆልፈውት፣ ማሽኖቹ ሁሉ ጠዋት ጠዋት በእርስዎ አምሳል እንዲነሡ አድርገዋል። ከዚያ የማሽን አቀማመጥ የነካ ሠራተኛ በራሱ ላይ እንደፈረደ ይቆጠራል የሚል ማስታወቂያ ኮሪደሩ ላይ ተለጠፈ። ተስፋሁንም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ እዚያ ኮምፒውተር የለም ይባላል። ወንበሩ አሁንም በነበረበት አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አያነሣውም። ሸፊቃ ደግሞ መዝገብ በግዴለሽነት በማጥፋት ተብላ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ክፍሉን አይተውት እንደሆነ አላውቅም። ፀጥ ብሏል። ሠራተኞቹ ማውሱን የሚነኩት እንደ ትኩስ ድስት እየፈሩ ነው፤ ሲጨርሱ እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። እርስዎ ሲያልፉ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ ያደርጋሉ፣ ሰው ሲመጣ ሰላም የሚል የለም። ሸፊቃም መሸፈን ትታለች። የሰው በሽታ ስክሪኑ ላይ እንደተሰጣ ይውላል፣ ወረፋው ያነበዋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የራሷ ነገር ተከፍቶ ሳለ የወንድሟ ጓደኛ ከኋላዋ ሲቆም አይታ ሳትታከም ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። እኔ ነበርኩ በሩን የከፈትኩላት። ያለን ምርጫ እንግዲህ ወይ መጋለጥ ወይ መጥፋት ነው፤ ሦስተኛው ምርጫ ያችው ሰረዝ ነበረች።

የመጨረሻው ቁጥር ጠፍቶብኛል፣ ይሁን።

ሀጂራ እንቅርት አለባት። የጉሮሮዋ ሕመም ሲመረመር ነው የተገኘው፤ እያደገ ሄዶ ትንፋሽ ሊከለክላት ስለሚችል ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተብሏል። ሌላ ቦታ ውሰዳት የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፣ ወስጃትም ነበር። የተሻለ ያሉን ቦታ ሁሉ ወረፋው ከትንፋሿ ይረዝማል፤ ይህን ሥራ ቶሎ ሊሠራላት የሚችለው ሐኪም የሚገኘውም እናንተ ዘንድ ነው። እሱ እጁ የተባረከ ነው ይላሉ፣ በእሱ ላይ ጥርጣሬ የለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ትተኛለች።

ስትተኛ በማደንዘዣ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ገፍተው የሚገቡበት በር አይደለም፤ እኔም አልገባም። ሀጂራ ራሷ አፏ ውስጥ ቱቦ ይዛ የት እንዳለች አታውቅም። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ የሚሰጣትን መድኃኒት የሚመርጥላት ሰው ቀና ብሎ የሚያየው አንድ ስክሪን ብቻ ነው። በዚያ ስክሪን ላይ የሚነበበው ነገር የሚወሰነው ደግሞ ከዚያ በፊት ባንኮኒው ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ፣ አንዲት ሠራተኛ ጨዋ ለመሆን ስትል እጇን ወደ ለመደችው ጥግ ልካ እንደሆነ ነው። ፈርቻለሁ። ይህን በትሕትና መጻፍ የሚቻልበት መንገድ ፈልጌ አጣሁና እንዳለ ጻፍኩት።

የምለምንዎ አንድ መስመር ነው። ተስፋሁንን ከግምጃ ቤት ለጥቂት ደቂቃ ያስወጡልኝ። ከሁለት ነጥቧ በፊት ሰረዟን ብቻዋን ይጻፍ፣ ኤክሷን ወደ ማዶ ይመልስ፣ ማሽኑም ልዝጋው ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ይፍቀዱለት። በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ሦስቱም በግራ እንደተሰለፉ ይኑሩ፤ ማንም አይነካብዎም፣ መስኮቱ የእርስዎ ነው። የመጋረጃዎንም ገመድ ከፈለጉ በሁለቱም በኩል አደርግልዎታለሁ፣ ዋጋ አልጠይቅም። ሸፊቃ ግን በመስኮቷ ላይ የምትሸፍነው የእኛን ገመና እንጂ የራሷን አይደለምና፣ እጇ የለመደበትን ጥግ ይመልሱላት።

ላደረጉልንና ለሚያደርጉልን ሁሉ፣ ባንኮኒው ላይ ለጠፋውም ለተረፈውም፣ በራሴና ካርዳቸው ላይ የለም በተባሉት ባልንጀሮቼ ስም እጅ እየነሣሁ፣ ለሥርዓትና ለሰልፍ ያለዎትን ፍቅር እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ያቆይልዎ ዘንድ እየጸለይኩ፣ ዕድሜዎ ደግሞ በማንም እጅ ልማድ ላይ እንዳይወድቅ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የቢሮዎ መጋረጃ ሰፊ፣
አብዱልሃኪም የሲን

ግልባጭ፦
ለተስፋሁን፣ ዕቃ ግምጃ ቤት
ለወይዘሮ ደብሪቱ፣ ማዕከሉ ቢያጠፋው በቃላቸው እንዲይዙት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሀጂራ ለኦፕራሲዮኑ ልትመዘገብ ወደ እናንተ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሸፊቃ በቦታዋ አልነበረችም፤ የት ሄደች ብላ ብትጠይቅ የለችም ብቻ አሏት። በቦታዋ የተቀመጠችው አዲስ ልጅ ጨዋ ናት፤ ፔኒሲሊን የሚለውን ሀጂራ እያየቻት ጻፈች። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ጠጋ ሲል ልጅቷ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ በፈገግታ ሰላም አለች፣ መስኮቱም ከስክሪኑ ላይ ተነሣ። ሀጂራ ተሸፈነ ወይስ ጠፋ ብላ አልጠየቀችም። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ለሙሽሮች ሂና ወደምታደርገው እህቷ ወደ ካሚላ ሄደች። ስትመለስ አበባም ሐረግም ሳይኖርበት፣ ከክርኗ እስከ አንጓዋ በትልልቅ ፊደል ፔኒሲሊን አይስማማኝም የሚል ክንዷ ላይ ተጽፎባት መጣች። በማንም ቁልፍ አይዘጋም፣ ውሃም አያስለቅቀውም፤ ደብዝዞ የሚጠፋው በጊዜ ብቻ ስለሆነ ቀጠሮዋን እንዳያራዝሙብን አደራ እላለሁ። በሁለቱም ክንዷ ነው ያስጻፈችው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እርስዎ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የሚያደሉት ስለማናውቅ ነው።